ደጀን ፊቱን ያዞረ ዕለት

ነጭ ጋዝ በሸተተኝ ቁጥር ጆሮዬ ይቀላል። ጆሮ ስል ደግሞ እናንተ እንዳላችሁ ዓይነት ጆሮ እንዳይመስላችሁ፤ የእኔ ከሌላው ሰው ጆሮ ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ራሱ ማዳላት ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ንፋስ በበረታ ቀን ያለ ኮፍያ እንዳልወጣ አጥብቃ የምትከለክለኝ ለብርዱ ብላ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላ ነገር ፈርታ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ኃይሌ ጋርመንት ታክሲ ለመያዝ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ቀለም ቀቢ የሱቅ በር ቀብቶ ጨርሶ ብሩሹን በአሮጌ ጣሳ ውስጥ በነጭ ጋዝ ሲያጥብ፣ ያ ሽታ የመኪናውን ጭስና የበቆሎውን ጥብስ ሁሉ ጥሶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ወያላው «ሀና ማርያም፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ይጮኻል። ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ግን ዓይኔ ጣሳው ላይ ቀረ። በብብቴ በያዝኩት ትልቅ ፖስታ ውስጥ ሊታተም የተዘጋጀ የመጽሐፍ ረቂቅና እኔ እንድፈርምባት የተሰጠችኝ አንዲት ወረቀት ነበሩ። ወረቀቷን ፈርሜ የምመልስበት ቀን ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ብፈርም ውሸታም ነኝ፤ ባልፈርም ደግሞ በልጅነቴ የሠራሁትን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ከሁለቱም የሚያስመልጥ ሦስተኛ መንገድ ሳስብ ታክሲው እኔን ትቶ ሄደ።

ወረቀቷን የሰጠችኝ ሳሮን ናት፤ ለቡ መብራት ኃይል የምትኖረው የልጅነት ጓደኛዬ የአስቴር የልጅ ልጅ። ሥራዋ በሥዕል የሚነበብ ታሪክ፣ እነሱ ኮሚክ የሚሉትን፣ መሥራት ነው፤ ወረቀት ሳትነካ፣ ትንሽ ሰሌዳ በሚያህል ታብሌት ላይ፣ ቀለም በሌለው ብዕር ስትሥል ላያት አስማት ትመስላለች። አያቷ ከመዝሙር መጽሐፎቿ ሥር፣ ከሣጥን ውስጥ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያኖረችውን አንድ ያረጀ ደብተር አገኘችና፣ እኛ ልጆች ሳለን የፈጠርናቸውን አምስት የአገር ጠባቂ ጀግኖች፣ «አምስቱ ዘቦች» የምንላቸውን፣ ለዛሬ አንባቢ ላስነሣቸው ብላ ተነሣች። ደስ አለኝ፤ ሽፋኑን እስካይ ድረስ። በሽፋኑ መሐል ካባው ወደ ኋላ እየተውለበለበ፣ ደረቱን ነፍቶ የቆመው የዘቦቹ አለኝታ ደጀን የእኔን ፊት ለብሷል። የአሥራ ሦስት ዓመቱን የእኔን ፊት፣ ከነጆሮው። ሳሮን ጆሮውን የጀግናው ልዩ ኃይል አድርጋ ስለተረዳችው፣ በአዲሱ ታሪክ ደጀን የጠላትን ኮቴ ከድንበር ማዶ ይሰማል። እኔ ዛሬ የቤቴ በር ሲንኳኳ አይሰማኝም።

ያን ጊዜ ሀና ማርያም ከተማ አልነበረም። ከእኛ ደጅ እስከ ጓደኛዬ የገመቹ አባት ቤት ድረስ ያለው መሬት የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፤ ሽምብራው እሸት በደረሰ ጊዜ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከንፈራችን ጨው ጨው እስኪል እንግጣለን፣ ባለማሳው ሲመጣ ደግሞ ከሁላችንም ቀድሜ የምታየው እኔ ነኝ፤ ሸሽቼ ለጥ ስል ጆሮዬ ከሽምብራው በላይ ይቀራላ። በክረምት ኮቲቻ የምንለው ጥቁር አፈር ጫማ ከእግር ይቀማል። ዛሬ ከቆሙት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ሥር የእኔ የግራ እግር ሸራ ጫማ ተቀብሯል፤ መሠረቱ የጠነከረው በዚያ ይሆናል።

ገመቹ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን፣ ዝምተኛ የገበሬ ልጅ ነበር። በእርሳስ በሬ ሲሥል፣ የበሬውን ቀንድ አይተን ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንነግራችሁ ነበር። እኔ በማስመሪያ እንኳ ቀጥ ያለ መሥመር አስምሬ አላውቅም፤ ስለዚህ ደራሲ ሆንኩ። ስድስተኛ ክፍል ስንደርስ፣ አገሩ ሁሉ ስለ ዘመቻ በሚያወራበትና ከየቤቱ ሰው በሚሄድበት በዚያ ዘመን፣ እሱ እየሣለ እኔ ከሥዕሉ ሥር እየጻፍኩ አምስቱን ዘቦች ወለድናቸው። ጠላታችን ከየትኛው አገር እንደሚመጣ ግን ጽፌ አላውቅም፤ ጂኦግራፊ ስለማልወድ። ራሱ ላይ ድስት የመሰለ ቆብ የደፋ ሁሉ ጠላት ነበር።

የመጀመሪያው ዘብ መብረቅ ይባላል፤ ጥርስ ባለው ብረት ጫማ እንጨት ላይ እየወጣ የመብራት ሽቦ የሚቀጥለውን ሰውዬ አይተን የሠራነው ነው። ሁለተኛው ሸማኔው፣ ከጋሞ ደጋ መጥተው ሰፈራችን ጉድጓድ ምሰው መሸመኛቸውን የተከሉት የአስቴር አባት ነበሩ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት እኛ እንደ ሳይንስ ሕግ ቆጥረነው፣ ሸማኔው ታንክ በጥለት ጠፍሮ ያስቀር ነበር። ሦስተኛዋ ኮቲቻ፣ የጠላትን መኪና በጭቃ የምትውጥ ሴት ስትሆን፣ ያቺ ሁለት እንስራ ውኃ ተሸክማ በክረምት ጭቃ ላይ አንድ ቀን እንኳ አዳልጧት የማያውቅ የገመቹ እናት ናት። አራተኛው ፊሽካ የስፖርት አስተማሪያችን ነበሩ፤ አንዴ ሲነፉ የጠላት ጦር በሙሉ ጠመንጃውን አስቀምጦ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ በቁመት ይሰለፋል። አምስተኛው ደጀን ነው። ደጀን አይበርም፣ እሳት አይተፋም፤ ቆሞ ይቀራል፣ በቃ። ሌሎቹ ሲደክሙ ከኋላው ያርፋሉ፤ እሱ ያለበትን መስመር ያለፈ የለም።

ደብተሩ አንድ፣ አንባቢው ብዙ ነበር። ስለዚህ ሕግ አወጣን፤ ያነበበ አንድ ገጽ ይገለብጣል። ባዶ ወረቀት ከሥዕሉ ላይ ታነጥፋለህ፣ በነጭ ጋዝ የራሰ ጥጥ ታሽበታለህ፣ ወረቀቱ እንደ መስኮት መስታወት ያሳልፍና ከሥሩ ያለው ሥዕል ወለል ብሎ ይታይሃል፤ ያኔ በእርሳስ መከተል ነው። ጋዙ ሲደርቅ ወረቀቱ መልሶ ይነጣል፣ የሣልከው ይቀርልሃል። የሰፈሩ እናቶች ኩራዛቸው ሳይነድ ጋዙ የሚያልቅበትን ምክንያት ሲመረምሩ ከረሙ። እናቴ አይጥ ጋዝ ይጠጣል ወይ ብላ ጎረቤት ጠይቃለች። ክፍላችን ደግሞ እንደ ማደያ ይሸት ስለነበር፣ አንድ ሰው ክብሪት ቢጭር ኖሮ የአምስቱ ዘቦች ታሪክ ከነደራሲው እዚያው ያልቅ ነበር።

ደጀንን ገመቹ ሁልጊዜ ከጀርባው ነበር የሚሥለው። ሰፊ ጀርባ፣ ከቀኙ ዝቅ ያለ ግራ ትከሻ፣ አንገቱ ላይ ሦስት እጥፋት። ፊቱ አንድም ቀን ታይቶ አያውቅም። ልጆቹ ለምን ሲሉት፣ እርሳሱን ሳያነሣ፣ «ፊቱን የሚያየው ጠላት ብቻ ነው» አላቸው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የሮጠውን ብርድ ብርድ የሚል ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ደራሲው እኔ ሆኜ ይህን የመሰለ ቃል ከእሱ አፍ በመውጣቱም ቀናሁ።

የማን ጀርባ እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። የታላቅ ወንድሙ የበቀለ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለን መንታ መንገዱ ላይ ኦራል መኪና መጥቶ ዘማቾቹን ሲጭን፣ እኔና ገመቹ ከትምህርት ቤት ፎርፈን ሮጠን ደረስን። በቀለ ሌሎቹን ከሥር እየደገፈ አሳፍሮ መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ጀርባው ወደ እኛ ነበር። ገመቹ ስሙን ጠራ፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጠው፤ መኪናው ሲነሣ በቀለ የጎኑን ብረት ይዞ እንዲሁ እንደቆመ አቧራው ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም ወሬም አልመጣም። ቤታቸው ፎቶግራፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በቀለ በዕድሜው የተነሣው ጉርድ ፎቶ አንድ ብቻ ነው፣ ለምዝገባው። እሱም ወረቀት ላይ ተለጥፎ አብሮት ሄደ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው እንግዲህ ያደረግሁት።

አንባቢዎቻችን ፊቱን አሳዩን ብለው እኔን ይዘውኝ ነበር። ደራሲ ነኝ ብዬ የምጎራደደው እኔ ነኛ። አንድ ቀን አስቴር ትምህርት ቤቱ ቧንቧ ላይ በሰው ፊት፣ ተካ የሚል ስም እያለኝ፣ አንተ ጆሮ፣ አንተም አታውቀውም መሰለኝ አለችኝ። ከአስቴር አፍ ባይወጣ ኖሮ ምንም አልነበረም፤ ግን ከአስቴር አፍ ወጣ። ዐርብ ዕለት ገመቹ ጽሑፉን እንድሞላበት ደብተሩን ሲሰጠኝ፣ ቅዳሜ የአባቴን የጢም መላጫ መስታወት ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ደጀንን ከፊት ለፊት ሣልኩት። ሥዕል አልችልም ብያለሁ፤ ግን ጆሮዬን የሚያህል ምልክት ካለህ መመሳሰል ቀላል ነው። ሰኞ ደብተሩን ለልጆቹ ለቀቅኩት። ሳምንት ሳይሞላ ስንቱ ልጅ ያንኑ ገጽ በጋዝ ገለበጠው፤ ከሌላው ገጽ ሁሉ እሱ ተወደደ። እኔም ጆሮዬን ለመጀመሪያ ጊዜ በኩራት ይዤ ዞርኩ።

ደብተሩ ተመልሶ ገመቹ እጅ የገባው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠን ነው። ገጹን ገለጠና አየው። ይስቃል ወይ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ለሁለቱም ተዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀም፣ አልመታኝም።

«በቀለ እንዲህ አይደለም» አለ።

ነገሩን ወደ ቀልድ ልውሰደው ብዬ፣ ያ ምላሴ ያልፈጠነበት ቀን ስለሌለ፣ «ታዲያ ምን ይመስላል? እስቲ ሣለው» አልኩና እርሳሱን አቀበልኩት።

ተቀበለኝ። ንጹሕ ገጽ ገለጠ። ግንባሩን ጀመረና አጠፋው። ቅንድቡን ሣለ፤ ያ የአባቱ ቅንድብ ነበር፤ አጠፋው። የሰፈሩን በሬ ሁሉ በስሙ የሚለይ እጅ አንድ አፍንጫ ላይ ቆመ። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሳስቶ ተበሳ። ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ሲመጣ ገመቹ እርሳሱን መለሰልኝ።

«ተካ፣ ጠፋኝ» አለኝ።

እርሳሱን ኪሴ ከተትኩት። እሱ ደብተሩን አጥሩ ላይ ትቶ ተነሣ፣ በማሳው መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ። ጤፉ መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ወገቡን እስኪደብቀው ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት። አልዞረም። ነገ ይቅርታ እለዋለሁ ብዬ እኔም ደብተሩን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያ ነገ አልመጣም። አንድ ወንበር ላይ መቀመጣችንን አልተውንም፤ ግን እርሳስ ለሒሳብ ካልሆነ አያነሣም። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ፤ ለካ አስቴር ሣጥን ገብቶ ኖሯል። እኔ አድጌ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ሆንኩ፤ ቀጥ ያለ መሥመር ማስመር ለማይችል ሰው እግዜር የመረጠለትን ሥራ እዩልኝ። ገመቹ አባቱን ተክቶ አረሰ፤ ማሳው ቤት ሲሆንም ቤተሰቡን ይዞ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደ። አልፎ አልፎ ላፍቶ ገበያ ስንገናኝ ትከሻ ለትከሻ እንሳሳማለን፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ነው እንባባላለን። ስለ በቀለ ይቅርታ ልለው ቃሉ ምላሴ ላይ የደረሰበት ቀን ነበር፤ ስለ ስኳር መጥፋት አወራሁለት። የገመቹን መሞት የሰማሁት አርባው ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሳሮን ሽፋኑን ያሳየችኝ ጊዜ እነግራታለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አታውቁኝም። ኮራሁ። ሥዕሉን በስልክ ለቃው ስለነበር፣ የኮንዶሚኒየማችን ልጆች ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ደጀን!» እያሉ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጡኝ ጀመር። ዕድሜ ልኬን ከራሴ ያልለየሁትን ኮፍያ አውልቄ መሄድ ጀመርኩ። አንዱ ትንሽ ልጅ፣ መብረቅ እያለ መብራት ለምን ይጠፋል ብሎ ቢጠይቀኝ፣ እንደ ባለሥልጣን እየተመረመረ ነው አልኩት። የቀረችው ያቺ ወረቀት ብቻ ነበረች፤ «የደጀን ፈጣሪና የመጀመሪያ ሠዓሊ» ከሚለው ሥር ስሜን ማስፈር።

ያን ቀን ኃይሌ ጋርመንት ቆሜ ሳለ፣ የነጭ ጋዙ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣ ሲል፣ ቀጣዩን ታክሲ ወደ ሀና ማርያም ሳይሆን ወደ ለቡ ያዝኩ። ልቤ ግን አሁንም ፈርሜ ልገላገል እንጂ ልናገር አልነበረም። እነአስቴር ቤት ስደርስ ሳሮን ሳልቀመጥ ታብሌቷን ከፈተች። በመጨረሻው ገጽ አብሮ የሠራውን የገመቹን ምስል ማኖር ፈልጋለች፤ ልጆቹን አፈላልጋ ብታገኝ የልጅነት ፎቶ የላቸውም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራትና እሷ ትሣለው።

ቀላል ነው አልኩ። ፊቱ ክብ ነበር አልኳት፤ ሣለች፣ አይደለም፣ ሞላላ ነው። አፍንጫው ሰልካካ፤ ሣለች፣ አይ፣ ደፍጠጥ ይላል። ዓይኑ ትልቅ፤ ትልቅ ስታደርገው የማላውቀው ልጅ አፈጠጠብኝ። ቅንድቡን ስነግራት የነገርኳት የአባቱን ነበር። ልጅቷ ሳትሰለች ታጠፋለች፣ ትሥላለች፤ በዚያ ታብሌት ላይ ላጲስ ወረቀት አይበሳም። ከአንድ ወንበር፣ ከስንት ዓመት፣ ከስንት የገበያ ሰላምታ በኋላ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስፈልገው የሚመጣልኝ ጤፍ ውስጥ የሚገባ ጀርባ ብቻ ነው።

«ጠፋኝ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የማን እንደሆነ አወቅሁት።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ መስታወቱን፣ አጥሩን፣ የተበሳውን ወረቀት። አስቴር ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ቧንቧው ጋ ያለችኝን ስደርስ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ እንዲህ ብዬህ ነበር እንዴ አላለችም፤ ታስታውሳለች ማለት ነው። ሳሮን ሽፋኑን መልሳ ገለጠች። እዚያ ፊት ላይ ስንት ወር ሠርታለች፤ ስንቱ ሰው በስልኩ ወዶታል።

«አንባቢ ፊት ይፈልጋል፣ አባባ» አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ በጭንቀት።

«ይፈልግ፣ ልጄ። እኛም ፈልገን አጥተነዋል። አዙሪው።»

ወረቀቷ ላይ «የደጀን ፈጣሪ» ከሚለው ሥር በእኔ ፈንታ የገመቹን ስም ጻፍኩበት፤ ከሥር ለእኔ፣ ከሥዕሉ በታች ያለውን ጽሑፍ የጻፈ፣ ብዬ ፈረምኩ።

መጽሐፉ ታተመ። በሽፋኑ ላይ አራቱ ዘቦች ወደ እኛ ያያሉ፤ ደጀን ወደ ማዶ። ግራ ትከሻው ዝቅ ብሏል፣ አንገቱ ላይ ሦስት እጥፋት አለ። በስልክ የተቆጡ አንባቢዎች አልጠፉም፤ ያ ጆሮ የት ሄደ ብለው ይጠይቃሉ። ለጆሮዬ በሕይወት ዘመኔ ያዘኑለት ሰዎች እነዚያ ብቻ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። እኔም ኮፍያዬን መልሼ ደፋሁ። የመጨረሻውን ገጽ ሳሮን ሳታማክረኝ ነው የሠራችው፤ በማሳ መሐል ባለች ቀጭን መንገድ ሁለት ልጆች ከጀርባቸው ይታያሉ። አንደኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጆሮ ከኋላም ጆሮ ነው። አስቴር ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ጣቷን ሌላኛው ላይ አኖረች። «ገመቹ» አለች፣ በመንገድ ሲያልፍ አይታ እንደምትጠራው።

መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ሽምብራው የነበረበት ላይ አምስት ፎቅ ቆሟል፤ አራተኛው ላይ እኔ እኖራለሁ። በቀለ አልተመለሰም፣ ገመቹ አርፏል፣ የሁለቱንም የያኔ ፊት የሚነግረኝ የለም። ለይቅርታ ያሳደርኳት ነገም እንዳደረች ቀረች። ትናንት ግን ከቀለም ቀቢዎቹ ሱቅ አንድ ጠርሙስ ነጭ ጋዝ ይዤ ገባሁ፤ ሻጩ ምን ልትቀባ ነው አባባ ቢለኝ፣ ዕዳ አለብኝ አልኩት። ለካ ደራሲ ነኝ እያልኩ ስጎራደድ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ አንድ ገጽ ሳልገለብጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ባዶ ወረቀት አነጠፍኩ፤ ጥጡን በጋዙ አርሼ አሸሁበት። ገመቹ ከሥር ወለል ብሎ ታየኝ። እርሳሴን አንሥቼ ከትከሻው ጀመርኩ፤ እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ጋዙ ግን አይጠብቅም፤ ወገቡ ጋ ስደርስ ወረቀቱ ከዳር ከዳር መንጣት ጀምሮ ነበር።